የማይጠብቅ ባላጋራ

በሰማይ ቤት አንድ ጎረምሳ ሰይጣን አለ። ሥራው ከባድ አይደለም። ከሙታን ነፍስ ላይ የታጠበው ክፋት የሚጠራቀምበትን ጋን መጠበቅና ሲሞላ በባዶ መተካት ነው። ጎረምሳው ግን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ በሙዚቃ ይወዛወዛል። ጋኑ ሞላ፤ ፈነዳ፤ ያ ሁሉ ክፋት በላዩ ፈሰሰበትና ጃኔምባ የሚባል ጭራቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላማ ምን አለፋችሁ፣ ሰማይና ምድር ተደበላለቀ፤ ሙታንም ከመቃብር ወጥተው በከተማ ይንጎራደዱ ጀመር።

ይህን የቀዳሁት ከድርሳን ወይም ከገድል አይደለም። «ድራጎን ቦል ዚ» ከሚባለው የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ፊልም፣ ቤተሰብ የሆነ በ1995 ለሲኒማ የበቃ ፊልም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ጆሮው ላይ ነገር የሰካ ልጅ ባየን ቁጥር «ይሄ ልጅ አለቀለት» የምንለውን የእኛን የአዋቂዎችን ስብከት ጃፓኖቹ ቀድመው ፊልም አድርገውታል፤ ያውም እየሳቁ። ከእኛ ስብከት የሚለየው መጨረሻው ነው። ጭራቁ ሲሸነፍ ከውስጡ የሚወጣው ያው የፈራ ጎረምሳ ነው። ማንም አይገድለውም። እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል።

የዛሬ ጉዳዬ ግን ፊልሙ ሳይሆን የፊልሙ ልጅ ነው። በ2006 ዲምፕስ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ከዚሁ ታሪክ ተነስቶ «ድራጎን ቦል ዚ፦ ሺን ቡዶካይ» የሚባል የድብድብ ጌም ሠራ። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እውነተኛው የፍልሚያ ጉባኤ» እንደ ማለት ነው። የሚጫወቱት በፒኤስፒ ነው፤ ሶኒ በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ባወጣው፣ በሁለት እጅ ተይዞ በአውራ ጣት በሚነዳው፣ 4.3 ኢንች ስክሪን ባለው የእጅ መጫወቻ። ፋብሪካው ፊቱን ካዞረበት አሥር ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ልጁ ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ዕቃው ግን እንደ አሮጌ ራዲዮ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ እየዞረ በሕይወት አለ። እኔም እጅ የገባው በእህቴ ልጅ በኩል ነው፤ ባትሪው ቶሎ ቶሎ እየከዳኝም ቢሆን ሁለት ወር ያህል ተጫወትኩበት።

ሂስ ለመጽሐፍ ነው እንጂ ለጌም ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎቼ የምደጋግመው አንድ ነገር ነበር። ታሪክ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ የተቀዳውን ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ የፈሰሰውንም እዩ እላቸው ነበር። ተረት ወደ መጽሐፍ ሲገባ የሚፈስ ነገር አለ። ልብ ወለድ ወደ መድረክ ሲወጣም እንዲሁ። ታዲያ አኒሜ ወደ ጌም ሲገባስ? ብዙ ልጆቻችን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ይልቅ እነዚህን ታሪኮች በቃላቸው የሚያውቁ ከሆነ፣ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። «ድራጎን ቦል»ን የደረሰውም የሳለውም በ2024 ያረፈው አኪራ ቶሪያማ ነው። ከ1984 እስከ 1995 በአንድ ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፤ ሲጠቃለል 42 ቅጽ ሆነ። ሲነሳ የጥንቶቹን ቻይናውያን የዝንጀሮ ንጉሥ ተረት ይዞ የሚቀልድ ታሪክ ነበር። ጎኩ የሚባለው ዋናው ጀግና በልጅነቱ ጭራ ያለው በዚህ የተነሳ ነው። እያደር ቀልዱ እየቀነሰ ፍልሚያው በረታ። «ዚ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ከ1989 እስከ 1996 ድረስ 291 ክፍል ሄደ።

እነዚያን 291 ክፍሎች የሞላው ምንድን ነው? ድብድብ ነው እንዳትሉኝ። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ፍሪዛ የሚባለው ጨካኝ ከጎኩ ጋር ሲፋለም «ይህቺ ፕላኔት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች» ይላል። ያቺ አምስት ደቂቃ በቴሌቪዥን ሳምንታት ፈጀች! የዓለም ተመልካች እስከ ዛሬ ይቀልድባታል። በዚያ ሁሉ ሳምንት ሰዎቹ ምን ሲያደርጉ ነው የሰነበቱት ካላችሁ፣ ይመታሉ፣ ይወድቃሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ይፎክራሉ።

ይህን ለመረዳት የእኛ አገር ሰው ጃፓንኛ መማር አያስፈልገውም። ፎካሪው መሀል ይገባል፤ ዱላውን ወይም ጋሻውን እየነቀነቀ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይናገራል። የፈረስ ስም ካለው በፈረስ ስሙ ራሱን ይጠራል። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደነበረው ስሙ ራሱ መሣሪያ ነው። ሰው ሲፎክር መሀል ገብቶ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው። ያደምጡታል፤ «በለው!» ይሉታል፤ ሲጨርስ ተረኛው ይነሳል።

በድራጎን ቦልም ወጉ ይኸው ነው። ጀግናው ጸጉሩ ወርቅ እስኪሆን፣ መሬት እስኪሰነጠቅ ድረስ ሲጮህ ባላጋራው ቆሞ ይጠብቀዋል። «አሁን ለምን አይመታውም?» ብለው የሚስቁ አሉ። እኔ የምለው፣ እንዴት ይመታዋል? ሙሉ ኃይሉን ሳያወጣ ቢጥለው ማንን ጣልኩ ሊል ነው? ባላጋራ ማለት በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትመታው ሰው ብቻ አይደለም፤ ምስክርህም ነው። አንተ ማን እንደሆንክ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ፒኮሎም ቬጂታም ጎኩን ሊገድሉ መጥተው እያደር ከጎኑ የቆሙት አለምክንያት አይመስለኝም። ሰውን እስኪጨርስ ያደመጠ ሰው፣ ቢጠላውም እንኳ፣ እንደ ነበረ አይቀርም።

አሁን ወደ ጌሙ እንግባ። የተዋጊው የውስጥ ኃይል፣ እነሱ «ኪ» የሚሉት፣ በስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ሲጎድል ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል። ተዋጊው እግሩን አንፈራጦ፣ ቡጢውን ጨብጦ ይጮሃል፤ ዙሪያው እንደ እሳት ይነዳል። ስዕሉም ድምፁም አኒሜውን ይመስላል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ ባላጋራው አይጠብቅም። ተጫዋቹ በብርሃኑ ተደስቶ ሳያበቃ ያኛው ብልጭ ብሎ ይሰወርና ከጀርባው ተገኝቶ መሬት ላይ ያነጥፈዋል። የሺን ቡዶካይ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ኪ ከፍሎ በመሰወርና ባልታሰበ ቦታ በመገኘት። አኒሜውን አምኖ ረጋ ብሎ የሚጮህ ሰው ይዘረራል።

እንደ ጌም ካየነው ይህ ትክክል ነው። ባላጋራው ቆሞ ቢጠብቅማ ምን ጨዋታ ይኖራል? በተጨማሪ ይህ የእጅ መጫወቻ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ምሳ እስኪቀርብ፣ መብራት እስኪመጣ የሚከፈት ነገር ነው። አንድ ግጥሚያ ከአንድ ሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ለሳምንታት የሚንዛዛውን ፍልሚያ ወደ ደቂቃ ማውረድ ቀላል ሙያ አይደለም፤ የጌሙ ሠሪዎች ተክነውበታል። እንቅስቃሴው ፈጣን ነው፤ ያቺ ትንሽ ስክሪን ላይ ማን የት እንዳለ ዓይን አይስትም። በዚያ ዘመን በእጅ ከተያዙት የድብድብ ጌሞች መካከል በጥሩ የሚነሳ ነው ቢባል አይበዛበትም።

ችግሬ ሌላ ነው። እስቲ ወደዚያ ፊልም ልመልሳችሁ።

ጃኔምባን ጎኩ ብቻውን አልቻለውም። ቬጂታም ብቻውን አልቻለውም። ያለው መፍትሔ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ሰው መሆን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጭፈራ አለው። ጎን ለጎን ቆመው፣ እኩል ተራምደው፣ እኩል ዘንበል ብለው፣ የሌባ ጣታቸውን ዘርግተው ጣት ከጣት ማገናኘት አለባቸው። ቬጂታ ልዑል ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ጎኩን እበልጣለሁ ሲል ነው። ከዚህ ሰው ጋር ፊት ለፊት እስክስታ መሳይ ነገር መውረድ ከሞት ይብስበታል። (ሞትማ በዚያን ሰዓት ሁለቱም ሞተዋል።) እምቢ ይላል፤ ይቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ እያረረ እሺ ይላል። ይጨፍራሉ። ቬጂታ ግን ጣቱን መዘርጋት ሲገባው ጨብጧት ቀረ። በጭብጥና በተዘረጋች ጣት መካከል ባለች በዚያች ልዩነት ምክንያት ጎጄታ የሚባለው ኃያል መውጣት ሲገባው ቬኩ የሚባል ቦርጫም ወጣ፤ ጃኔምባም እንደ ኳስ ተጫወተበት። ውህደቱ የሚቆየው 30 ደቂቃ ነውና ሰዓቱ አልቆ ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ተረፉ። ከዚያ እንደገና ጨፈሩ። በዚህኛው ጣቷ ተዘረጋች።

ለልጆች በተሠራ የድብድብ ፊልም ውስጥ ስለ ኩራት ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አላየሁም። ስብከት የለውም። «ትዕቢት ውድቀትን ይቀድማል» ብሎ የሚናገር ሽማግሌ የለበትም። አንዲት ያልተዘረጋች ጣት ብቻ። ማስተማሬን ባልተው ኖሮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጣት ነበር።

ጌሙ ውስጥ ጎጄታ በተዋጊዎች መምረጫው ገጽ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል። ተጫዋቹ ጠቋሚውን ያስጠጋል፤ ይጫናል፤ በቃ። ጭፈራ የለ፣ እፍረት የለ፣ «ከአንተ ጋር?» ብሎ መናደድ የለ። ቬኩ ከምርጫው ውስጥ የለም። ጃኔምባም እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ ማዳመጫ ያደረገው ጎረምሳ ከውስጡ መኖሩን የሚያስታውስ ነገር የለም። ጌሙ የታሪክ ክፍልም አለው፤ ምስሎች እየተፈራረቁ በጽሑፍ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ድብድብ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ወሬ። ግን ልጅ ምን ያደርጋል? ጽሑፉን በቁልፍ እያሳለፈ ወደ ድብድቡ ይሮጣል። ደግሞ አይፈረድበትም፤ ጌሙ ራሱ ወሬውን የሚያስተናግደው በመንገድ ላይ እንዳለ ኬላ ነው።

ይህን ለእህቴ ልጅ ብነግረው ደሙ ፈላ። «ጋሼ፣ ጎጄታን መምረጥማ ማንም ይመርጣል። በጎጄታ ማሸነፍ ነው ከባዱ!» አለኝ።

ልጁ እውነቱን ነው፤ ነገሩን አቅልዬ ላልፈው አልፈልግም። ጌሙ በነጻ የሚሰጠው ድል የለም። ኃያሉን የመረጠ ሁሉ አያሸንፍም። መቼ እንደሚሰወር፣ ኪውን መቼ እንደሚያወጣና መቼ እንደሚቆጥብ በሰዓታት ልምምድ ያልተማረ ሰው ጎጄታንም ይዞ መቀመጫውን አይቶ ይመለሳል። «ጌም ልጆችን ያለ ልፋት ማግኘት ያስተምራል» የሚሉ ሰዎች አንድ ግጥሚያ ተጫውተው ቢናገሩ ደስ ይለኛል። «ልጆችን ጠበኛ ያደርጋል» ለሚሉትም ያው ነው። እዚህ ጌም ውስጥ ደም የለም። የወደቀው ተነስቶ ለሚቀጥለው ዙር ይቆማል።

ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዋጋ አለ። አንዱ ጣትን የማፍጠን ዋጋ ነው፤ ብቻህን፣ ክፍልህን ዘግተህ ልትከፍለው ትችላለህ። ሌላው ጣትን የመዘርጋት ዋጋ ነው፤ ይሄኛው ሌላ ሰው ፊት ካልቆሙ አይከፈልም። ፊልሙ ያስከፈለው ሁለተኛውን ነበር። ጌሙ በአንደኛው ለወጠው። ሁለቱም ልፋት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። መሬት ላይ የፈሰሰው ይኼ ነው የምለው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ሳይታያቸው የቀረ አይመስለኝም። በ2007 ተከታዩን «አናዘር ሮድ» ሲያወጡ ሌላ ታሪክ ፈጠሩ። የቬጂታ ልጅ ትራንክስ በሚኖርበት በወደፊቱ ዘመን ቡ የሚባለው አውዳሚ ይነሳበትና ካለፈው ዘመን ሰዎች እርዳታ ይጠይቃል። እዚህ ተጫዋቹ በካርታ ላይ እየበረረ ከተሞች እንዳይወድሙ ይሯሯጣል። አንዱን ሲያድን ሌላው ይነዳል። ድብድቡ ያው ድብድብ ነው፤ ነገር ግን ከጀርባው የሚጠበቅ ነገር ስላለ ጡጫው ምክንያት አገኘ። በእኔ ሚዛን ከመጀመሪያው የሚሻለው በዚህ ነው። ስዕሉ ስላማረ ወይም ተዋጊው ስለበዛ አይደለም፤ «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስላለው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርዴ ጎዶሎ ይሆናል። ፒኤስፒ ያለ ገመድ ከሌላ ፒኤስፒ ጋር ይገናኛል። ሁለት ልጆች ሁለት ማሽን ይዘው ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ እያንዳንዱ የራሱን ስክሪን እያየ፣ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ያኔ የሚሆነውን ማየት ነው። «ዛሬ አበቃልህ!» ይላል አንዱ። «አንተን? በክሪሊን ነው የምጥልህ!» ይላል ሌላው፤ ክሪሊን እንግዲህ ከሁሉ አጭሩ መላጣ መሆኑ ነው። የትናንትናው ድል ይቆጠራል፣ የዛሬ ሳምንቱ ሽንፈት ይነሳል፣ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ሳይቀር ይጠራል። ከስክሪኑ ውስጥ የተባረረው ፉከራ በልጆቹ አፍ ተመልሶ ገባ ማለት ነው! በየሰፈሩ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶችም የምናየው ይህንኑ ነው። ጨዋታው እዚያ በብዛት ኳስ ነው፤ ወጉ ግን አንድ ነው። የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል፣ አግዳሚው ላይ የተደረደረው ሁሉ ይፈርዳል፣ ይተርባል፣ ይስቃል። ያ ቤት የራሱ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከጣጣው ጋር ግን ምስክር አለው።

የእጅ መጫወቻው ጉድለት የሚታየው ሁለተኛው ማሽን ሲጠፋ ነው። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ዕቃው አርጅቷል፣ ያለው አንድ ነው። ያኔ ባላጋራው ማሽኑ ራሱ ይሆናል። ማሽን አይፎክርም፤ ቢፎክሩበትም አይሰማም፤ ቢሸነፍም አይከፋውም። ይህን ያህል ጊዜ ከማይሰማ ባላጋራ ጋር የዋለ ልጅ እጁ እንደሚፈጥን አልጠራጠርም። ስለ ጆሮው ነው የምሰጋው።

ደግሞ ስጋቴ በልጆቹ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ። እኛስ ብንሆን? ስብሰባ ላይ ሰው ሐሳቡን ጀምሮ ሲጨርስ ያየነው መቼ ነው? የሚቃወመንን ሰው «እስቲ በል፣ ሙሉውን አውጣውና እንነጋገር» ያልነውስ? ገና አፉን ሲከፍት ብልጭ ብለን ከጀርባው እየተገኘን መጣሉን የቻልንበት ማንም ጌም ሳያስተምረን ነው። ስለዚህ ልጁን «ይሄ ነገር አበላሸህ» ብሎ ማሽኑን መንጠቅ ለእኔ ቀልድ ነው። ከዚያ ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ? እነዚህ ሁለቱ እንዴት አንድ ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስለ ጣቷ የሚያውቅ ከሆነ ይነግራችኋል፤ ልጅ ታሪክ ሲጠየቅ እንደሚረዝምበት ታውቃላችሁና ቡና አፍሉበት። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ፊልሙን አብራችሁት እዩ።

በነገራችሁ ላይ፣ ሲነግራችሁ መሀል ገብታችሁ አታቋርጡት።